ርስት በሺህ ዓመቱ፤ ማመልከቻስ በስንት ዓመቱ?



በ2013 ዓ.ም. የዐቢይ ጾም ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት የስልክ ጥሪዎች ደረሱኝ። የመጀመሪያው ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነበር። ደዋዩ በታክሲ ነጂነት የሚተዳደር የልጅነት ጓደኛዬ ነው። ወረርሽኙ ከተማውን ከዘጋበት ጊዜ ጀምሮ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በማርች 2020 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ በግሉ ለሚሠራ ሰው ጭምር የተፈቀደውን የሥራ አጥነት ክፍያ ሲቀበል ቆይቷል። እነሆ ዓመቱ ሞላና ክፍያው ቀጥ አለ። የከለከለው ሰው የለም፤ የማመልከቻው ዘመን 52 ሳምንት ስለሆነና ስላበቃ "እንደ አዲስ አመልክት" ተባለ እንጂ። ወዳጄ እጅግ ተማሯል። "አንዴ የነገርኋቸውን ሁሉ ድገምልን ይሉኛል" እያለ ብዙ አወራኝ። ቅጹን እንደገና ሞላ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ክፍያው ቀጠለለት።

ሁለተኛው ጥሪ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ አቅራቢያ ከምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ ነበር። የደወለልኝ የታላቅ እህቴ ልጅ ነው፤ ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። በአንድ የግንባታ ቦታ በቀን ሠራተኛነት ሁለት ዓመት ያህል ሠርቶ ግንባታው አለቀና ተሰናበተ። በአማርኛችን "ተሰናበተ" ስንል ደግ ቃል ይመስላል፤ እሱን ግን "ነገ እንዳትመጣ" ከማለት በቀር ያሰናበተው አልነበረም። ቀበሌ ሄዶ መሬት ቢጠይቅ "የሚከፋፈል መሬት የለም" ተባለ። ከተማ ወርዶ ቢጠይቅ "ከጓደኞችህ ጋር ተደራጅተህ ና" ተባለ፤ ተደራጅቶ ሲመጣ "የዘንድሮው ምዝገባ አልፏል" ተባለ። በወሎ በኩል እንደሚሰጠው ያለ የሴፍቲኔት እርዳታ እንዳለ ቢጠይቅ "ወረዳችን ትርፍ አምራች ነው" ብለው ሳቁበት። ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

"ጋሼ፣ አሁን እንግዲህ የት ነው የማመለክተው?"

መልስ አልነበረኝም። ይህ ጽሑፍ ያኔ ያልመለስሁለትን ጥያቄ በታሪክ መንገድ ለመመለስ የሚደረግ ሙከራ ነው። አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ የወዳጄና የእህቴ ልጅ ልዩነት የገንዘቡ መጠን ብቻ አይደለም። አንደኛው ያለቀበትን ነገር እንደገና የሚጠይቅበት በር አለው፤ ሌላው የለውም። የጎጃም ገበሬ ደግሞ እንዲህ ያለ በር ኖሮት አያውቅም ብሎ የሚያስብ ሰው ካለ ተሳስቷል።

የማያረጅ ማመልከቻ

"ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ" የሚለውን አባባል የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ብዙዎቻችን እንደ ጌጥ እንጠቀምበታለን። በምዕራብ ጎጃም ግን ጌጥ አልነበረም፤ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነበር ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ከፍኖተ ሰላም በስተ ምሥራቅ በምትገኘው በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ያጠናው ይህንኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍም እስከ ዛሬ ስለ አማራ የመሬት ሥሪት ከተጻፉት ሁሉ ዋነኛው ነው።

አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነበር። አንድ መሬት መጀመሪያ ያቀናው አባት አለ። ከዚያ አባት በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል እንደሚወለድ ቆጥሮ ማስረዳት የሚችል ሰው ሁሉ ከመሬቱ ድርሻ የመጠየቅ መብት አለው። አባቱ ባይጠይቅ፣ አያቱ ባይጠይቅ፣ መብቱ አይሞትም። በአንዱ የዘር ሐረግ የተረታ ሰው በእናቱ እናት በኩል ሌላ ሐረግ ቆጥሮ ሌላ አገር ሄዶ ይጠይቃል። ለዚህም ነው የጎጃም ገበሬ ትውልድ ቆጣሪ፣ ሙግት ዐዋቂ፣ "በሕግ አምላክ" ባይ የሆነው። ሙግቱ ጊዜ ይፈጃል፣ ጉልበት ይፈጃል፣ ዘመድ ያጣላል። ነገር ግን ለወጣቱ አንድ ነገር ይሰጠው ነበር። እጁ ባዶ በሆነ ቀን የሚሄድበት ቦታ ነበረው።

ሥርዓቱን ለማሞገስ አይደለም። ጉልበትና አንደበት ያለው፣ ሹመት ያለው ሰው ከሌላው የበለጠ ይረታ ነበር፤ ሆበንም ይህን አልሸሸገም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ፋቂው፣ በብዙ ቦታ ሙስሊሙም ከርስቱ ውጭ ነበሩ። ሴት በሕግ ርስት ቢኖራትም በተግባር ባሏ ወይም ወንድሟ ነበር የሚሟገትላት። ርስት ለሁሉም የተከፈተ በር አልነበረም። ለተከፈተለት ግን የሚዘጋ አልነበረም፤ ለጉዳያችን የሚጠቅመን ቁም ነገር ይህ ነው።

በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በጎጃም ያስነሣውን ዐመፅ በዚህ ዐይን ስናየው ሌላ መልክ ይይዛል። የታሪክ ተማሪዎች እንደሚያውቁት፣ ከዳሞት እስከ ሞጣና ቢቸና ገበሬው ገማቾቹን አላስገባም አለ። ንጉሠ ነገሥቱ በመጨረሻ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተማረ። ገበሬው የፈራው የብሩን መጠን ብቻ አልነበረም። መሬቱ በአንድ ሰው ስም ከተለካና ከተመዘገበ፣ ያ ሺህ ዓመት የሚጠብቅ መብት በመዝገብ እንዳይዘጋ ነበር የፈራው። መንግሥት "ኋላ ቀርነት" አለው። ከዐርባ ዓመት ገደማ በኋላ የሆነውን ስናይ ግን ገበሬው ያን ያህል አልተሳሳተም።

የየጥቂት ዓመቱ ድልድል

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ከሥሩ ነቀለው። መሬት የመንግሥት ሆነ፤ ማንም ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ ተወሰነ፤ የማደላደሉ ሥራም ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። ጎጃም አዲሱን ሥርዓት በእልልታ አልተቀበለውም። በኋላ የመጣው የእህል ኮታ፣ የመንደር ምሥረታ፣ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ የሚረሳ አይደለም። እኔም ደርግን ላመሰግን አልተነሣሁም።

ይሁንና በአንድ ነገር አዲሱ ሥርዓት አሮጌውን ይመስለው ነበር። ድልድሉ አንዴ ተደርጎ የሚያበቃ አልነበረም። ጎጆ የወጣ፣ ሚስት ያገባ ልጅ ለገበሬ ማኅበሩ ያመለክታል፤ ሟች የተወው፣ ስደተኛ የለቀቀው መሬት ይቆጠራል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሸጋሸጋል። ድርሻው እያነሰ ሄደ፤ ገበሬውም "ዛሬ ያረስሁትን ነገ ማን ይወስደው ይሆን" እያለ መሬቱን መንከባከብ ተወ። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ዘንድሮ ያልደረሰው ወጣት ለሚቀጥለው ድልድል ይጠብቃል፤ እንደገና ስሙን ያስጽፋል። በርስት ዘመን የዘር ሐረግ ያደርገው የነበረውን፣ በደርግ ዘመን የማኅበሩ መዝገብ አደረገው።

የመጨረሻው ምዝገባ

ከዚያ 1989 ዓ.ም. መጣ። የአማራ ክልል መንግሥት በሁለቱም ጎጃሞች ሰፊ የመሬት ድልድል አካሄደ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር አመራር የነበሩ "ቢሮክራት" ተብለው፣ የቀድሞ ባለ ርስቶችና ባላባቶች "የፊውዳል ርዝራዥ" ተብለው ተፈረጁ፤ እነዚህ ከ4 ጥማድ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ፤ ሌላው እስከ 3 ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። የተቆጡ ገበሬዎች በእግራቸውና በመኪና አዲስ አበባ ድረስ መጥተው አቤት እንዳሉ እናስታውሳለን። አቤቱታው ብዙም ሰሚ አላገኘም።

ስለዚያ ድልድል ብዙ የተጻፈው ስለ ፍረጃው ነው፤ ተገቢም ነው። ብዙም ያልተባለለት ሌላ ነገር ግን አለ። በምዕራብ ጎጃም ያ ድልድል የመጨረሻው ነበር። ከዚያ በኋላ፣ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ፣ ክልሉ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ጀመረ። ደብተሩ በጎ ነገር አመጣ። ገበሬው ዛፍ ተከለ፣ እርከን ሠራ፤ ባልና ሚስት በጋራ ስማቸው ስለተጻፈ የሴቲቱ መብት ከቀድሞው ይልቅ ተጠበቀ። ክልሉ በ1998 ዓ.ም. ያወጣው አዋጅ ቁጥር 133 ደግሞ አዲስ ድልድል የሚታሰበው የቀበሌው ባለይዞታዎች እጅግ አብዛኞቹ ሲስማሙበት ብቻ እንዲሆን አደረገ። መሬት ከያዙት ሰዎች መካከል መሬታቸው ላልያዘው እንዲከፋፈል እጃቸውን የሚያወጡ ስንቶች ናቸው? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

በሌላ በኩል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የኢትዮጵያ አርሶ አደር መሬት በነጻ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅም ዕድሜው 18 የሞላና በግብርና መተዳደር የፈለገ ዜጋ በመሬት የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጎ ነበር። እንግዲህ መብቱ በወረቀት አለ፤ ማመልከቻ የሚቀበል መስኮት ግን የለም። የእህቴ ልጅ የተወለደው በ1989 ዓ.ም. ነው። የመጨረሻው ምዝገባ የተዘጋው እሱ ገና በአንቀልባ ላይ ሳለ ነበር።

ሀገር የምታመለክትበት ዘመን

አሁን ወደ ሌላው በር እንሂድ፤ "ወረዳችን ትርፍ አምራች ነው" ተብሎ ወደተሳቀበት። ለዚህ ከጎጃም ወጥተን የሀገሪቱን መዝገብ ማየት ያስፈልገናል።

ከ1977ቱ ረኃብ በኋላ ለሁለት ዐሥርት ዓመታት ኢትዮጵያ ራሷ አመልካች ነበረች። በየዓመቱ ምርት ተገምቶ፣ የተረጂ ቁጥር ተቆጥሮ፣ ለለጋሾች የእርዳታ ጥሪ ይቀርባል። ጥሪው ለአንድ ዓመት ነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ እንደገና ይቀርባል። በ1995 ዓ.ም. ቁጥሩ ከ13 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ያኔ መንግሥትም ለጋሾችም "በየዓመቱ የሚራበው ሰው ይታወቃል፤ እርዳታው ግን ሁልጊዜ እንደ ድንገተኛ ይለመናል፤ ደግሞም ዘግይቶ ይደርሳል" ብለው አመኑ። በጥር 1997 ዓ.ም. የተጀመረው ልማታዊ ሴፍቲኔት የዚህ እምነት ውጤት ነው። መሥራት የሚችለው ቤተሰብ በበጋ ወራት እርከን እየሠራና መንገድ እየጠረገ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ መሥራት የማይችለው አረጋዊና ሕመምተኛ በቀጥታ ይደገፋል። በመጀመሪያው ዓመት ወደ 5 ሚሊዮን ሰው ያቀፈው ፕሮግራም በተከታዮቹ ዓመታት ከ7 ሚሊዮን አለፈ። ከአፍሪካ ታላላቅ የማኅበራዊ ጥበቃ ፕሮግራሞች አንዱ ነው፤ ሰውም አትርፏል።

ሁለት ነገሮችን ግን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ከፕሮግራሙ መውጣት "ምረቃ" ተባለ። ጥሪት ያፈራ ቤተሰብ ይመረቃል። የተመረቀ ሰው ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቱ አይመለስም፤ ቃሉ ራሱ በሩን ዘግቶታል። በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ ዝርዝሩም በየጊዜው ይከለሳል። ሆኖም በሬው የሞተበት፣ ዝናብ የቀረበት ተመራቂ "እንደገና መዝግቡኝ" ሲል የሚያገኘው መልስ በወረዳው ኮታ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከመደበኛዎቹ የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች ሌላ 10.2 ሚሊዮን ሰው የአስቸኳይ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ሲነገር፣ ሀገሪቱ እተወዋለሁ ወዳለችው ዓመታዊ ማመልከቻ ተመለሰች።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ የተሠራው በወረዳ እንጂ በሰው አይደለም። ወረዳው በእርዳታ መዝገብ ውስጥ ለዓመታት ከነበረ ይገባል፤ ካልነበረ አይገባም። ስለዚህ ወሎና ዋግ ኽምራ ገቡ፤ ቡሬና ጃቢ ጠህናን በቆሎ፣ ጤፍና በርበሬ የሚወጣባቸው ስለሆኑ ለሌላ ተመረጡ፤ ለምርት ማሳደጊያ ፕሮግራሞች። ይህ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ለብዙ ገበሬ ጠቅሟል። ነገር ግን ትርፍ የሚያመርት መሬት እንጂ ትርፍ የሚያመርት "ወረዳ" የሚባል ሰው የለም። መሬት የሌለው ወጣት ትርፍ አምራች ወረዳ ውስጥ ስለተወለደ ትርፍ አምራች አይሆንም። ከጎጃም ወጥተው በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ሎተሪ እያዞሩ የምናያቸው ልጆች ከየት መጡ ብለን ጠይቀን እናውቃለን?

በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የከተሞች ሴፍቲኔትም እንዲሁ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ከተመረጡት 11 ከተሞች ውስጥ ከአማራ ክልል የገባችው ደሴ ብቻ ነበረች። በኋላ የከተሞቹ ቁጥር ቢበዛም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ለሕዝብ ሥራ ተሳታፊዎች ለሦስት ዓመት፣ ከዚያ ምረቃ።

ደመወዝና ስንብት

"መሬት ካለቀ ፋብሪካ ይግባ" የሚል አንባቢ ይኖራል። ትክክል ነው፤ መንገዱም ያው ነው። በ2013 ዓ.ም. በቡሬ ግዙፍ የምግብ ዘይት ፋብሪካ ተመረቀ፤ የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተከፈተ። ገበሬ ወደ ደመወዝተኛነት ሲሻገር ግን አብሮት መሻገር ያለበት ነገር አለ። መሬት ለገበሬ እርሻ ብቻ አልነበረም፤ ዋስትናም ነበር። ደመወዝተኛውን በክፉ ቀን ምን ይዋሰው?

እንግሊዞች ይህን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1911 መለሱት። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ በተወሰኑ የሥራ መስኮች ሠራተኛው፣ አሠሪውና መንግሥት በየሳምንቱ እንዲያዋጡ አደረገ፤ ሥራ ያጣው ሰው በዓመት እስከ 15 ሳምንት ድረስ በሳምንት 7 ሺሊንግ ይከፈለው ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ አጥነት ሲበረታ "15 ሳምንቱ ያለቀበት ሰው ምን ይሁን?" የሚለው ጥያቄ ፓርላማውን ለዓመታት አስጨነቀው፤ ሕጉም ደጋግሞ ተለወጠ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1935 ተከተለች። ወዳጄን ያማረረው ቅጽ የዚያ ሁሉ ክርክር የልጅ ልጅ ነው።

በእኛ ሀገር የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ እ.ኤ.አ. በ1963 በአዋጅ ተደነገገ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ተጨመረ። ዛሬ የግል ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ይህ መዋጮ ለእርጅና፣ ለጉዳትና ለሞት ነው፤ ለሥራ ማጣት የታሰበ ሳንቲም የለበትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የስንብት ክፍያ አለው፤ ሕጉ በዘረዘራቸው ምክንያቶች ለተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ ይከፈለዋል። ሦስት ዓመት የሠራ ሰው የ50 ቀን ደመወዝ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። በ51ኛው ቀን የሚጠይቀው የለም። እንደ እህቴ ልጅ በቃል ውል ለሚሠራው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያም አይደርሰውም።

በዚህ ላይ ጦርነት ተጨመረበት። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅና በውጊያ ውስጥ ገባ። በነሐሴ ወር መጀመሪያ በፍኖተ ሰላም በደረሰ የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የዜና ወኪሎች ዘገቡ፤ ስሟ በግእዝ "የሰላም ጎዳና" በሆነ ከተማ። ወጣቱ መሣሪያ ያነሣው ሥራ ስላጣ ብቻ ነው ብሎ ነገሩን ማቅለል ስሕተት ነው፤ ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ነገር ግን የሚያመለክትበት መስኮት ያጣ ትውልድ "አቤት" የሚለውን ቃል እየረሳ መሄዱን ማንም ሊክድ አይችልም።

እንግዲህ ምን ይሁን?

መሬት ይሸንሸን እያልሁ አይደለም፤ ሩብ ጥማድ ለማንም አይበቃም። ርስት ይመለስም አላልሁም። ከአባቶቻችን ሥርዓት ልንወስደው የሚገባን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፤ መብት አንዴ ስለተጠየቀ ወይም አንዴ ስላመለጠ አይሞትም የሚለው። ይህን ሐሳብ በዛሬ መልክ መሥራት ይቻላል። በጡረታ መዋጮው ጎን ለሥራ ማጣት የሚሆን አነስተኛ መዋጮ ይጀመር፤ መጀመሪያ በፋብሪካና በግንባታ፣ ቀጥሎ በሌላው። ሴፍቲኔት በወረዳ ስም ሳይሆን በሰው ኑሮ ይመዘን። ለተመረቀው ቤተሰብ የመመለሻ በር በደንብ ይጻፍለት። ገንዘብ ከመጠየቁ በፊት ደግሞ ገንዘብ የማያስፈልገው አንድ ነገር ይቅደም፤ ማንኛውም ቀበሌ አመልካቹን ሲመልስ የተመለሰበትን ምክንያትና ዳግመኛ ማመልከት የሚችልበትን ቀን በጽሑፍ ይስጠው።

የእህቴ ልጅ የጠየቀኝ ገንዘብ አልነበረም። የጠየቀኝ አድራሻ ነው። አያቱ በደጋ ዳሞት በእናቱ በኩል አምስት ትውልድ ቆጥሮ የተሟገተ ሰው ነበር፤ ሦስት ጊዜ ተረትቶ በአራተኛው ረትቷል። ለልጅ ልጁ ግን ሁለተኛውን ማመልከቻ የሚቀበለው አልተገኘም።

አቤት ባይም ሰሚም አያሳጣን።

ቸር ይግጠመን።